የጽጌረዳዋ ሴት

አንባቢ ሆይ! አንድን ሥራ ስትመለከት የሠሪውን እጅ አስበህ ታውቃለህን? እኔ መምህር በነበርኩበት ዘመን አላስብም ነበር።

አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የሥዕል መጽሐፍ ስገልጥ «ጋብሪኤል ከጽጌረዳ ጋር» የተባለውን ሥዕል አየሁ። ስስ ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት እጇን አንሥታ ቀላ ያለ ጽጌረዳ ከጥቁር ጠጉሯ ላይ ታኖራለች። ገላዋ ሙቀት ያለው ይመስላል። የቀለሙ አጣጣል ልስልስ ነው፤ ጭንቀት አይታይበትም። «ይህን የሣለው እጁ የሚታዘዝለት ጎልማሳ መሆን አለበት» ስል ገመትኩ።

ግምቴ ግን ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ሠዓሊው ፈረንሳዊው ፒየር ኦጉስት ሬኖዋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በፓሪስ በተከፈተው የመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች ትርዒት ከተካፈሉት አንዱ ነበር። ይህን ሥዕል በ1911 ሲሠራ ግን ዕድሜው 70 ደርሶ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጣቶቹን አጣሞበት ነበር። ብሩሹን ከጣቶቹ መካከል የሚያኖርለት ሌላ ሰው ነው። በእጁ ላይ ጨርቅ ይጠመጠምለት ነበር፤ ይህም ብዙዎች እንደሚሉት ብሩሹን ለማሰር ሳይሆን እንጨቱ ቆዳውን እንዳይልጠው ነው። ጋብሪኤልም ለእርሱ እንግዳ አልነበረችም፤ በ1894 የተወለደውን ልጁን ዣንን ልትጠብቅ ወደ ቤቱ የመጣች የሚስቱ ዘመድ ናት። ሬኖዋር በ1919 እስኪሞት ድረስ መሣሉን አልተወም። ሥዕሉም ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። የእጅ ጽሑፉ የተንጋደደ ስለ ነበረ ድርሰቱን ገና ሳላነብ ነጥብ እቀንስበት ነበር። በልጅነቱ እጁን እሳት እንደ ጎዳው የተረዳሁት የትምህርቱ ዘመን ካለቀ በኋላ ነው። ድርሰቶቹን እንደ ገና ላነባቸው ተመኘሁ፤ ነገር ግን ደብተሩ ከእኔ ዘንድ አልነበረም። በሬኖዋር ዘንድ ሥራው የእጁን ሕመም ሸሸገ፤ በተማሪዬ ዘንድ ግን የእጁ ሕመም ሥራውን ሸሸገብኝ። የሸሸገውም እጁ ሳይሆን የእኔ ችኮላ ነበር።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የጓደኛህን ድርሰት እንድታርም ደብተሩ በተሰጠህ ጊዜ፣ ስለ ፊደሉ አጣጣል ከመናገርህ በፊት የጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብብለት።