«ገና አልተረጋገጠም»

በቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ባገለገልንባቸው ዓመታት ሁሉ «ጉዳቱ ገና አልተረጋገጠም» እንደሚለው ያለ የሚመች ዐረፍተ ነገር አላገኘንም። ማንንም አያስቀይም፤ ስብሰባውንም በጊዜ ይፈታል። አስቀድመን በእርሳስ እንነድፈውና ከዚያ በቀለም እንገለብጠው ነበር። (የመጻፊያው እርሳስ ስሙን ከብረቱ ተዋሰ እንጂ በውስጡ ያ ብረት የለበትም።) የብረቱን ታሪክ ካነበብን ወዲህ ግን ቃሉን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ ከቤንዚን ጋራ የሚቀላቀለውን የእርሳስ ውሕድ ይሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ አእምሯቸውን ስተው ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት በዋሽንግተን ጉባኤ ተጠራ። ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን መርዙ በየመንገዱ እንዳይበተን አስጠነቀቁ። የኢንዱስትሪው ወገን የነበሩት ሊቅ ሮበርት ኪሆ ግን በሕዝብ ላይ የደረሰ ጉዳት ይታየንና እንተወዋለን የሚል አቋም ያዙ። ሽያጩም ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደ ገና ቀጠለ።

አቋሙ ሲሰሙት ትሕትና ያለበት ይመስላል። ዳሩ ግን ማስረጃውን ፈላጊው ማን ነው? ለአርባ ዓመት ያህል የምርምሩ ወጪ በአብዛኛው ከሻጮቹ ኪስ ይወጣ ነበር። ኪሆ ከመኪና ጢስ የራቁ የሜክሲኮ ገበሬዎችን መረመሩ፤ በእነርሱም አካል እርሳስ ስለ ተገኘ፣ ነገሩ የተፈጥሮ ነው አሉ። ገበሬዎቹ ግን ይበሉ የነበረው እርሳስ ባለበት ቅብ በተለበጠ የሸክላ ዕቃ ነበር! ንጹሕ የተባለው መለኪያ ራሱ አድፎ ኖሯል። ሆን ብለው ዋሹ አንልም፤ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ጥያቄም አለማወቅን ያመርታልና።

የምድርን ዕድሜ የለካው ክሌር ፓተርሰን፣ እርሳስ በየዕቃው እየገባ ሥራውን ቢያበላሽበት፣ ወደዚሁ ነገር ዞረ። በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካውያን አካል ያለው እርሳስ ከተፈጥሮው መጠን መቶ እጥፍ ያህል እንደሚሆን ጻፈ። ለመኪና የሚሸጠው ባለ እርሳስ ቤንዚን በአሜሪካ የታገደው በ1996፣ ከዓለም የመጨረሻ በሆነችው በአልጄሪያ የቆመው ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ነው።

በቅርቡ ስለ አንድ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ስንመክር ያው ዐረፍተ ነገር መጣ። ነደፍነው፤ ከሥሩም «ማን፣ በማን ገንዘብ መረመረ?» ብለን ጨመርንበትና አነበብነው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። ስብሰባውም ሳይፈታ መሸ።