አንዷ ነጥብ



ሞጣ ያሉት አባቴና ቢቸና ሱቅ ያላት እህቴ በደወሉ ቁጥር «ይህ ሒሳብ እንጀራ ይሆንሃል?» ይሉኛል። ባለፈው ሴሚስተር የአልጀብራ ፈተና ስወድቅ መልስ አጣሁ፤ ዲፓርትመንት መቀየሪያ ፎርምም ሞላሁ።

ፎርሙን ሳላስገባ ያቆየኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሦስት ክፍልፋይ ቁጥሮች ፈልጉ፤ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝታችሁ ስትደምሩ 1 ይምጣ። ቀጥሎ ደግሞ 7 ይምጣ። የሁለቱም ቅርጽ ኳስ ነው። እኩልታ ሁሉ መልስ በሚያገኝበት፣ «ዝግ» በሚባለው የቁጥር ዓለም፣ አንዱን ኳስ ወደ ሌላው መቀየር ቀላል ነው፤ በ7 ስኩዌር ሩት ማባዛት ይበቃል። በክፍልፋዮች ዓለም ግን ያ ቁጥር የለም።

በ1 ኳስ ላይ (0፣ 0፣ 1) የምትባል ነጥብ አለች። ከእሷ ተነስታችሁ በክፍልፋይ አቅጣጫ መስመር ብታሰምሩ፣ መስመሩ ኳሱን የሚወጋበት ሌላው ነጥብም ክፍልፋይ ነው፤ ለምሳሌ (2/3፣ 2/3፣ 1/3)። ከአንዷ ነጥብ ሌሎቹ ሁሉ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ገጽ «ራሽናል» ይባላል። በ7 ኳስ ላይ ግን መነሻ የምትሆን አንዲትም ነጥብ የለችም።

ይህን ለአባቴ በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም። የነገርኳቸው «አልጀብራ» የሚለው ስም ከአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ መምጣቱን፣ እሱም በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ሆኖ የጻፈው ለውርስ ክፍፍል፣ ለንግድና ለመሬት ልኬታ እንዲጠቅም መሆኑን ነው። «ሚራስማ ትልቅ ዕውቀት ነው» አሉ። እህቴ አሁንም አልረካችም።

ፎርሙን ግን ቀድጄዋለሁ፤ ፈተናውን ደግሜ እወስዳለሁ። ዱዓ አድርጉልኝ።