«ብራቮ» ያልኩ ቀን

የአክስቴ ልጅ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ወረወረችና «ኢል ሞን ታፊሼ» አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ሁለት ወሬ ነው። «አፊሽ» ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ «አፊሼ» ደግሞ መለጠፍ። በጭንቅላቴ ቶሎ ተረጎምኩት፦ ለጠፉኝ። ልጅቷ ሥዕል ትወዳለች። በቃ፣ ሥዕሏን ሰሌዳ ላይ ለጥፈውላት ነው ብዬ ደስ አለኝ። በዚያ ጥርት ባለ የክፍል ውስጥ ፈረንሳይኛዬ «ብራቮ!» አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

በእሷና በእኩዮቿ አፍ «አፊሼ» ማለት ሰው ፊት ማዋረድ ነው። ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ በጸጉሯ ተሳልቀውባት ነበር። ይህን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአክስቴ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ተዋርዳ ስትመጣ ያጨበጨበላት ሰው ሆኜ አብሬያት ኖሬያለሁ።

አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ፈረንሳይኛ ተምሬያለሁ። ሰርተፍኬቱ አለኝ። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የሚሳሳቱበትን የግስ እርባታ በቃሌ እወጣዋለሁ። አክስቴ የምትኖረው ሳን ደኒ ነው፤ ከፓሪስ በስተሰሜን፣ የፈረንሳይ ነገሥታት የተቀበሩበት ባዚሊካ ያለበት ከተማ። በ13 ቁጥር ሜትሮ ተጨናንቄ ስሄድ ግን ዙሪያዬን የሚወራው ቋንቋ የተማርኩት አይመስልም። መጽሐፌ «አላውቅም» ለማለት «ዠ ነ ሴ ፓ» በል ብሎኛል። ሰው የሚለው «ሼ ፓ» ነው። ያቺ መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ እያከበበ የቀጣኝ «ነ»፣ ሰው አፍ ውስጥ የለችም!

ደብተር ገዛሁ። የምሰማውን ሁሉ በአማርኛ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባኝ «ቬርላን» ነው። ፈረንሳይኛ «ላንቬር» ሲል ግልባጭ ማለት ነው፤ እሱን ራሱን ሲገለብጡት ቬርላን ሆነ። ቃሉ ሥራውን በስሙ ይነግርሃል። «ፋም» (ሴት) ተገልብጣ «መፍ» ትሆናለች፤ መፍ ስትለመድ ደግሞ እንደገና ገልብጠው «ፈመ» አሏት። «ሉሽ» (አጠራጣሪ) «ሸሉ» ነው። «ሜርሲ» እንኳ አልቀረላትም፣ «ሲሜር» ሆናለች። «ፉ» (እብድ) «ኡፍ» ሲሆን ሳቄ መጣ፤ እኛ ሲደክመን የምንለው ነዋ። ልጅ ሳለን በየወፍ ቋንቋ ቃሉ መሃል ሌላ ድምፅ እየሰነቀርን ትልልቆቹን እናደናግር የለ? እሱ ነው። የሚሰማህን ሰው ለመምረጥ የተሠራ አጥር። እኔ ከአጥሩ ውጪ ነበርኩ።

ቀጥሎ ከሰሜን አፍሪካ ስደተኞችና ከቅኝ ግዛት ዘመን ወታደሮች ጋር የገቡት የአረብኛ ቃላት መጡ። እዚህ ላይ ሳላስበው ዘመድ አገኘሁ። ሐኪም «ቱቢብ» ይባላል፤ የእኛ ጠቢብ። ውሻ «ክሌብስ» ነው፤ ግዕዙ ከልብ። ቡና ደግሞ «ካዋ»። በነገሩ ተገርሜ አላበቃሁም፣ ለካ እኛም ያው ነን። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳዮቹን «ላ ጋር» ተቀብለን ለገሀር አደረግነው። ታክሲ ላይ «ለገሀር! ለገሀር!» እየተባለ ሲጠራ ፈረንሳይኛ ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

አንድ ማታ ልጅቷ ስልክ ላይ «ጄ ለ ሰም» ስትል ሰማኋት። «ሰም» ከአረብኛ መርዝ የመጣ ነው፤ ውስጤ አሯል፣ ተናድጃለሁ እንደማለት። ለእኔ ጆሮ ግን ሰም የቅኔው ሰም ነው፤ ላይ ላዩ፣ ወርቁ የተደበቀበት። «ኢል ሞን ታፊሼ» ስትለኝ ሰሙን ሰምቼ ወርቁን ጥዬ ነበር የሄድኩት።

ደብተሬ ሲሞላ ደፈርኩ። እራት ላይ «ሴ ሸሉ ሳ» አልኳት፣ ዘና ብዬ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እባክህ እንደዚህ አታውራ» አለችኝ በፈረንሳይኛ፣ «አንተ ስትለው ያሳፍራል።»

አልተቀየምኳትም። አባቴ አንድ ጊዜ ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው «ጀለሶችህ መጡ» ያለ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። አባቴ ቃሉን በትክክል ነው የተናገረው። ግን የእሱ አልነበረም። የልጆች ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ልትሰማው ይፈቀድልሃል፣ እንድትናገረው ግን ማንም አልጠራህም። ለእኔ ደግሞ መስማቱ ይበቃኝ ነበር።

በዚያው ማታ የክፍሏን በር አንኳኳሁ። ያን ቀን ምን እንደመሰለኝ ነገርኳት፤ ሥዕሉን፣ ሰሌዳውን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ እንደገና ሳቀች።

«በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። አማርኛዋ «እራት ደረሰ» እና «እግዜር ይስጥልኝ» ላይ የቆመ ነው። «ተዋረድኩ» ልላት ነበር፤ ከበደኝ። የአዲስ አበባ ልጅ እንደዚያ አይልም።

«ሙድ ያዙብኝ» አልኳት።

ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። «ያዙብኝ» ላይ ምላሷ ተሰናከለ።

ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ትሪ ከበን እየበላን ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ «ዛሬም ሙድ ያዙብኝ» አለች። አክስቴ ከአገር ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። «ሙድ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ተራ በተራ አየችን።

ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

«ማን?» አልኳት።