ውሃ ልክ

ፍሪጁ የሞተው ጁላይ ውስጥ ነው፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ። ጠዋት ለቡናዬ ወተት ሳወጣ ካርቶኑ እንደወትሮው እጄን አልቀዘቀዘኝም። ውስጥ ያስቀመጥኳት ትንሽ ቴርሞሜትር 11 ዲግሪ ትላለች። ከወተቱ አጠገብ ስድስት ብልቃጥ ኢንሱሊን አለ።

ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ፣ ዓይነት 1። ብልቃጦቹን ከፋርማሲ ያወጣኋቸው የጤና ኢንሹራንሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ከሥራ ተቀንሻለሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከፍሪጅ ውጭ ከተቀመጠ ግን የእኔ ዓይነቱ የሚቆየው 28 ቀን ነው። የሦስት ወር መድኃኒት ዓይኔ እያየ የአንድ ወር ሊሆን ነው።

ፍሪጁ ያለው መኪና ውስጥ ነው። 1994 ሥሪት ሞተርሆም፣ በዕድሜ ከእኔ ሦስት ዓመት ይበልጣል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም አለው። የቤት ኪራይ ውሌ ሲያልቅ ከሥራ ሲያሰናብቱኝ በሰጡኝ ብር ገዛሁትና ጓደኛዬ ቤት ፊት ለፊት አቆምኩት። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ይህን አታውቅም። ለእሷ አሁንም አፓርታማ ውስጥ ነኝ፣ አሁንም ሥራ አለኝ። በቪዲዮ ስትደውል ከጀርባዬ ነጭ አንሶላ እሰቅላለሁ። በቃ፣ እንዲህ ነው የሆነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ነገር ሲበላሽ የማውቀው አንድ ዘዴ ነው፤ እየከፋፈልክ መፈለግ። ይህ ፍሪጅ በሁለት መንገድ ይሠራል፣ በፕሮፔን ጋዝ ወይም በ120 ቮልት ኤሌክትሪክ። በጋዝ አበራሁት፤ እሳቱ ተያያዘ፣ ፍሪጁ ግን አልቀዘቀዘም። ከጓደኛዬ ቤት ገመድ ስቤ በኤሌክትሪክ ሞከርኩት፤ ከኋላ በኩል ማሞቂያው እጅ ያቃጥላል፣ ውስጡ ግን ያው ነው። ሁለቱም ግብዓት እየሠራ ውጤት ከሌለ ችግሩ ሁለቱ የሚጋሩት ክፍል ላይ ነው። እዚህ ድረስ ዲግሪዬ አድርሶኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው የታሸገ የብረት ቱቦ ነው።

ያ ቱቦ የሚገርም ነገር ነው። በ1922 ስቶክሆልም ውስጥ ባልትሳር ፎን ፕላተን እና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የምሕንድስና ተማሪዎች የፈጠሩት ነው። ውስጡ አሞኒያ፣ ውሃ እና ሃይድሮጂን አለ። እሳቱ አሞኒያውን ከውሃው ይለየዋል። አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ በርዶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከሃይድሮጂኑ ጋር ሲገናኝ እንደገና ይተንና የፍሪጁን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ ውሃው ይመጠውና ቁልቁል ወርዶ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ሞተር የለው፣ ፓምፕ የለው። በእሳት የሚቀዘቅዝ ፍሪጅ!

በእሳት የሚቀዘቅዝ ፍሪጅ ስል ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ነርስ ነበረች። ወጣት ሳለች ወሎ ውስጥ መብራት ያልገባበት ጤና ጣቢያ ሠርታለች፤ ክትባት የሚያስቀምጡት በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ነበር። የፍሪጁን ፀባይ እንደ አማች ፀባይ ነበር የምታወራልን። አሠራሩ ያው ነው።

ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። ሁለቴ። በሦስተኛው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያ የላምባ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ምን ታደርጉ ነበር?»

«አሜሪካ የላምባ ፍሪጅ አለ እንዴ? የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሥራውን፣ መኪናውን፣ አንሶላውን። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«መድኃኒትህስ?»

«በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጌዋለሁ።»

«በረዶውን ነክቶታል?»

«እ... ከላዩ ነው ያደረግኩት።»

«አሁኑኑ አንሳው! በፎጣ ጠቅልለህ አርቀው። ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያበላሸው፤ ከቀዘቀዘ በላይ በረዶ ከሠራ ግን አለቀለት፣ ትጥለዋለህ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ሮጬ አነሳሁት። አንዱም አልረጋም ነበር። ፎጣውን ጠቅልዬ ቴርሞሜትሯን አብሬ ከተትኳት።

«በል አሁን፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ነው የቆመው?» አለችኝ።

መንገዱ ዳገት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጭንቅላቴን ወደ ሽቅቡ አድርጌ ነው የተኛሁት። ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት እንቁላል ተንከባሎ ወድቆ ያውቃል። አልጋዬን እንጂ ፍሪጄን አላሰብኩም።

«ዘሟል» አልኳት።

«ታድያ እንዴት ይሥራልህ? እኛ አንድ እግሩ ሥር ካርቶን አጣጥፈን እናደርግ ነበር፤ ሰሃን ውሃ ሞልተን ከላይ አስቀምጠን ነው የምናስተካክለው። ከዘመመ ፈሳሹ መውረጃ ያጣል።»

ልክ ነበረች። ፈሳሹ የሚመለሰው በስበት ብቻ ነው። ፍሪጁ ዘሞ ሲሠራ ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ማሞቂያው ደግሞ በደረቁ ይጋያል። ውጭ ወጥቼ የጎኑን መክፈቻ ስከፍት ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ አሞኒያ ነው። ቱቦው ላይ ቢጫ ዱቄት ረግቷል፤ ብረቱ እንዳይዝግ የሚጨመረው ሶዲየም ክሮሜት ነው፣ መርዛማ ስለሆነ በእጅ አይነካም። ዱቄቱ ውጭ ታየ ማለት ቱቦው ተሰንጥቋል ማለት ነው። እናቴ የተዘጋውን ገልብጠው እያሳደሩ ያድኑት እንደነበር ነገረችኝ። የተሰነጠቀውን ግን ማንም አያድነውም።

ስለዚህ መቀየር ነበረበት። ተመሳሳዩን መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን በ12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕረሰር ያለው መረጥኩ። ዋጋው ይቀንሳል፣ መዝመምም ያን ያህል አይገደውም። ሲሠራ 50 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ከቀኑ ግማሹን ቢሠራ 600 ዋት ሰዓት። 100 አምፒር ሰዓት ያለው ሊቲየም ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ፀሐይ ባትወጣ እንኳ ሁለት ቀን። ጓደኛዬ የእቁብ ተራውን ለቀቀልኝ።

አሮጌውን ያወጣነው በአራተኛው ቀን ነው። ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘጋሁ፣ የቱቦውን ጫፍ በቡሽ አሰርኩ፣ የሳሙና ውሃ ቀብቼ አረፋ እንደማይሠራ አየሁ። ፍሪጁ በመኪናው በር አልወጣ አለ። የራሱን በሮች ፈትተን፣ ጓንት አድርገን፣ እየተሳደብን አወጣነው። እነዚያን አራት ቀናት ብልቃጦቹ በፎጣ ውስጥ ነበሩ። በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ቴርሞሜትሯን አያለሁ። 4። 6። 5። እናቴም በየጠዋቱ የምትጠይቀኝ ቁጥሩን ነበር፤ ስለ ሥራው አንድም ቀን አላነሳችም።

አዲሱ 4 ዲግሪ ላይ ሲረጋ በቪዲዮ ደወልኩላት። አንሶላውን አልሰቀልኩም። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ መጋረጃውን አሳየኋት። «ጠባብ ናት፣ ግን ንጹሕ ናት» አለች። ከዚያ ፍሪጁ ላይ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጥ አለችኝ።

«እማዬ፣ ይሄኛው እኮ ቢዘምም ግድ የለውም።»

«አስቀምጥ አልኩህ።»

አስቀመጥኩ። ስልኩን አስጠግቼ ያዝኩላት። ሁለታችንም ዝም ብለን ውሃውን አየነው። ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

«ነገ ሜዳ ላይ አቁማት» አለችኝ። «እንዲህ ሆነህ ነው ሁለት ወር የተኛኸው?»