የሰማህ ላልሰማ አሰማ

ድሮ አዋጅ ሲነገር ‹‹የሰማህ ላልሰማ አሰማ!›› ይባል ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የሰማ ሰው ላልሰማው ያደርሳል። ሰሞኑን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የሰማው ሰውዬ በትክክል ለመስማቱስ ማን ይመስክርለት?

ነገሩ ወዲህ ነው። ስፒከር ልገዛ ነው። ሁለት ፍሬ፣ ሳሎን ውስጥ ግራና ቀኝ የሚቀመጥ፣ ቁጭ ብለው ሙዚቃ የሚያዳምጡበት ዓይነት። (አዎ፣ ሁሉም ሰው ጆሮው ውስጥ ነጭ ነገር ሰክቶ በሚሄድበት ዘመን!) ስምንት ወር ሙሉ ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ያጠራቀምኩት ብር አለኝ። አባቴ ዕድሜ ልኩን የሰበሰባቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬለታለሁ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ የሚሰማቸው በስልክ ነው። ጆሮው ከዓመት ዓመት እየደከመ ስለሆነ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። አክስቴ ደግሞ ለፋሲካ ከሜሪላንድ ይመጣሉ።

የእቴቴን ሻንጣ ጉዳይ የማያውቅ የእኛን ቤት ፖለቲካ አያውቅም። የአያቴ የደም ግፊት መድኃኒት አለ፤ እሱ አይነካም። የአጎቴ ልጆች ጫማ አለ። የእህቴ ሕፃን ልብስ አለ። አንዱ ሻንጣ የሚይዘው 23 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ 7 ኪሎ የሚመዝን ጥንድ ስፒከር ከነካርቶኑ ሲገባ ሻንጣው አለቀ ማለት ነው። እኔ ስፒከር ሳስመጣ አንድ ሰው ጫማ ይቀርበታል። የውጭዎቹ ገምጋሚዎች ጽሑፋቸውን ሲዘጉ ‹‹ገዝታችሁ ቤታችሁ ሞክሩት፤ ካልተስማማችሁ መልሱት›› ይላሉ። እኛ ጋ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› ነው። ለእነሱ ግምገማ ጥቆማ ነው፤ ለእኛ ግን ፍርድ ነው። ስለዚህ እንደ ዳኛ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ምስክሮቹን መስማት ጀመርኩ።

ምስክር አንድ፦ ካርቶኑ

መርካቶ ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። የጫማ ካርቶን የምታክል ስፒከር ላይ ‹‹3000 ዋት PMPO›› የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ይቅርታ፣ ‹‹ፒ.ኤም.ፒ.ኦ›› ልበል። ይህቺ ቃል ምንም ዓይነት የታወቀ መለኪያ የላትም፤ ፋብሪካው ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፋል። ማረጋገጥ የፈለገ ዕቃውን ገልብጦ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብብ። እዚያ ‹‹40 ዋት›› የሚል ካለ ስፒከሩ ከግድግዳው የሚወስደው 40 ዋት ነው። 40 ወስዶ 3000 የሚሰጥ ነገር ቢኖር ኖሮ መብራት ኃይልን ዘግተን በስፒከር ነበር የምንበራው። ካርቶኑ ከችሎት ይውጣልኝ።

ምስክር ሁለት፦ ባለቅኔው

ቀጥሎ የመጣው ገምጋሚው ነው። ሰውዬው ሲጽፍ ቅኔ ነው። መጋረጃው ተገለጠ ይላል። ዘፋኟ ሳሎኔ መጥታ ቆመች ይላል። አልዋሽም፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግምገማዎች ሳነብ አፌን ከፍቼ ነበር። አሥር ሲሞሉ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ በአሥሩም ውስጥ መጋረጃው ይገለጣል። ባለፈው ዓመት ያወደሰው ስፒከር ላይ መጋረጃ እንደነበረ የሚነግረን ዘንድሮ ነው! የእኛ ሰው ለቅሶ ቤት ሲሄድ ‹‹ሙት ወቃሽ አያድርገኝ›› ይላል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ዕቃ ወቃሽ አያድርገኝ ያሉ ይመስላሉ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዕቃው በውሰት የሚመጣው ከአምራቹ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚመጣው ከዚያው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጥቅም ያገኘ ጸሐፊ ይህንኑ ለአንባቢ እንዲገልጽ በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያውን አጠንክሯል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐሰት ግምገማ መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ደንብ የሚወጣው መቼም በሽታው ሲኖር ነው። ይህን ስል ግን ሁሉም የተገዙ ናቸው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ከልባቸው ነው የሚጽፉት። ችግሩም እሱ ነው፤ ሰው ከልቡም ይሳሳታል።

ምስክር ሦስት፦ ዓይን

‹‹ስፒከር በጆሮ ነው የሚሰማው፤ ዓይን ምን አገባው?›› እንዳትሉኝ። ፍሎይድ ቱል የሚባል ሳይንቲስት በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ለዓመታት ሰዎችን ከመጋረጃ ጀርባ ስፒከር ሲያስደምጥ ኖሯል። (እውነተኛው መጋረጃ እንግዲህ ይኼ ነው፤ የማይገለጠው!) በኋላ ሐርማን ወደሚባለው ኩባንያ ሄደ። እዚያ ባልደረባው የሆነው ሾን ኦሊቭ 40 የኩባንያው ሠራተኞችን ሰብስቦ አራት ስፒከሮችን አንዴ እያዩ፣ አንዴ ሳያዩ ነጥብ እንዲሰጡ አደረገ። ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ቀረበ። ሰዎቹ እያዩ ሲፈርዱ ትልልቆቹና ውዶቹ ነጥባቸው ከፍ አለ፤ ትንሿና ርካሿ ወረደች። መጋረጃው ሲጋረድ ልዩነቱ ጠበበ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ስፒከር እየሠሩ የሚበሉ ናቸው።

‹‹ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል›› ያለው ተራችን ይህን ያለ ጥናት አውቆታል። ስለዚህ አንድ ገምጋሚ ስለ እንጨቱ ውበት ሁለት አንቀጽ ከጻፈ በኋላ ‹‹ድምፁም እንደ መልኩ ሞቅ ያለ ነው›› ሲለኝ፣ የምስክርነቱን ግማሽ ለዓይኑ እሰጥበታለሁ።

ከዓይን ሌላ ሁለት ሌቦች አሉ። አንደኛው የድምፅ መጠን ነው። ሁለት ስፒከሮች ሲነጻጸሩ አንዱ በትንሹ ጮክ ካለ ጆሮ ‹‹ጠርቶ ተሰማኝ›› ይላል። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ውዱን ሲከፍትላችሁ እጁን ተመልከቱ። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ቱል እንዳገኘው የመስማት አቅማቸው የቀነሰ አድማጮች ፍርዳቸው ይዋዥቃል፤ ያንኑ ስፒከር ዛሬ ያወድሱታል፣ ነገ ይነቅፉታል። ሠላሳ ዓመት የሠራ ገምጋሚ ልምዱ ትልቅ ነው፤ ጆሮው ግን እንደ ልምዱ አላደገ ይሆናል። (አባዬ፣ አንተን አይደለም!)

ምስክር አራት፦ ግራፉ

የቱል ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ሰዎች ሳያዩ ሲፈርዱ ምርጫቸው እንደተባለው የተራራቀ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚወደው ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ሳያዳላ የሚያወጣውን፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ፊት ለፊት ከሚወጣው ጋር የሚመሳሰለውን ስፒከር ነው። ይህ ደግሞ ይለካል። ስፒከሩ ዙሪያውን በየ10 ዲግሪው፣ በአግድምና በቁም፣ ከ70 ነጥብ ይለካና በአንድ ገጽ ግራፍ ይሳላል። በአሜሪካ ደረጃ ሆኖ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ይህን ለክተው ለሕዝብ የሚያወጡ ግለሰቦች ጭምር አሉ። በ1962 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ስቴሪዮፋይል መጽሔትም ከገምጋሚው ቅኔ ቀጥሎ የመለኪያ ግራፍ ያትማል። አንዳንዴ ቅኔውና ግራፉ አይስማሙም። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ያ ቦታ ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ ማን ምን እንደሰማ መጠየቅ ይቻላል።

ግራፉ ግን የእኔን ሳሎን አያውቅም። ከ300 ኸርዝ በታች ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ከስፒከሩ ይልቅ ክፍሉ ነው ፈራጅ። የእኔ ክፍል ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ስፒከሩ ከግድግዳው የሚርቀው አንድ ስንዝር። ግድግዳ ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል። ሰውዬው ምንጣፍ በተነጠፈበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ‹‹ቤዙ ትንሽ አነሰኝ›› ብሎ የነቀፈው ስፒከር ለእኔ ልክ ሊሆን ይችላል። የእሱ ነቀፌታ ለእኔ ሙገሳ ሆነ ማለት ነው!

አንድም ምስክር ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ፤ መብራት። ማጉያው ውስጡ የተሠራለት ስፒከር አሜሪካ ሲሸጥ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእኛ 220 ነው። አምጥታችሁ ስትሰኩት የምትሰሙት የመጨረሻ ድምፅ ‹‹ጧ!›› ይሆናል። ማጉያ የሌለው ተራው ስፒከር ግን ከግድግዳ ጋር ጉዳይ ስለሌለው ከየትም ቢመጣ ችግር የለበትም። ማጉያውን እዚሁ መግዛት ይቻላል። ገምጋሚው ይህን ባለመጻፉ ልወቅሰው አልችልም፤ እኔን እያሰበ አልጻፈም።

ምስክር አምስት፦ ገዢዎች

በመጨረሻ ገዝተው የመሰከሩት መጡ። ባለ አምስት ኮከቦቹን አለፍኳቸው፤ ብዙዎቹ የጻፉት ካርቶኑን በከፈቱበት ማታ ነው። ጫጉላ ላይ ያለ ሙሽራ ስለ ትዳር አይጠየቅም። ባለ አንድ ኮከቦቹም ግማሾቹ የተቆጡት በአድራሹ ላይ ነው። ያነበብኩት ባለ ሦስቶቹን ነው። ‹‹ዓመት ሞላኝ፤ ድምፁን ወድጄዋለሁ፣ የኋላው መሰኪያ ግን ላልቷል›› የሚል ሰው ሚዛን አለው። ምን ጎድሎት እንደነበረና ቀድሞ በምን ይሰማ እንደነበር ከነገረኝ ደግሞ ቃሉ ይጸናል።

ፍርዱ

እናም እንዲህ ወሰንኩ። ቢያንስ አንድ ጉድለት ያልነገረኝን ምስክር አላምንም። ከምን ጋር እንዳወዳደረ ያልተናገረን አላምንም። ስለ ክፍሉ ምንም ያላለን በወፍራሙ ድምፅ ጉዳይ አላምንም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ለክተው አንድ ዓይነት ግራፍ ካወጡ ግን፣ ቅኔውም ከዚያ ጋር ከገጠመ፣ ገዢውም ከዓመት በኋላ ካልተማረረ፣ እጄን እሰጣለሁ። በዚህ ወንፊት ያለፈው ስፒከር መልኩ ተራ ጥቁር ሳጥን ነው። ወንድሜ ሥዕሉን አይቶ ‹‹ለዚህ ነው ስምንት ወር የጾምሽው?›› አለኝ። መጋረጃ ልጋርድበት አስቤያለሁ።

‹‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ›› እያልን ያደግን ልጆች ነን፤ መጠርጠር ይዋጣልናል። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ግን ሁሉን ከሚያምን ሰው የተሻለ አልሰማም፤ ሁለቱም ጆሯቸውን አልተጠቀሙበትም። ከባዱ ሥራ መሀል ላይ ነው፤ ማንን፣ በየትኛው ጉዳይ፣ እስከ የት ድረስ ልመን የሚለው። ይህን ደግሞ ለስፒከር ብቻ እንደማላወራ ገብቷችኋል።

ቸር ያሰማን!