ያልተመለሰ ደብዳቤ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱም ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥረው ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። መልሱ በ1858 ዓ.ም. በእጃቸው ሲገባ ነገሩ ሻክሮ ነበር፤ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተጎተተ።

ይህን ታሪክ ባነሣን ቍጥር የለንደኖቹን ጸሓፊዎች አጥብቀን እንነቅፍ ነበር። አንድ ቀን ግን ከጉና ግርጌ የመጡ ሽማግሌ በጠረጴዛችን ፊት ቆሙ። ስለ ድንበር ክርክር ያቀረቡት ማመልከቻ በመሳቢያችን ሰባት ወር ተኝቷል፤ እንደማይፈጸም እያወቅን ክፉ ቃል ላለመናገር ዝም ብለን ነበር (ይሉኝታ እንለዋለን)።

«ልጄ፥ አይሆንም ብትለኝ ኖሮ ለስንቅ ብዬ ወይፈኔን ባልሸጥሁ» አሉን።

ማመልከቻውን አወጣን። አቧራውን ስንጠርግ ያላዩ መስለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።