ብርሃን የሚያጎብጠው ላስቲክ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ስለምትማሩት ትምህርት ጥቂት ጻፉልን፤ ከፖለቲካና ከናፍቆት ሌላም ነገር ይነበብ» ባሉን ጊዜ እኛ ሁለታችን እርስ በርሳችን ተያየን። የምንማረውን ነገር ለሀገር ልጅ በአማርኛ አስረድተን አናውቅም። ሰው ሲጠይቀን «ኬሚስትሪ ነው» ብለን እናልፋለን። ቤተሰቦቻችንም ቢሆኑ ልጆቻቸው ፕላስቲክ እንደሚማሩ፣ ሲመለሱም ፋብሪካ ሳይከፍቱ እንደማይቀሩ ነው የሚያውቁት። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ሙከራችን ይኸው፤ ቢከብዳችሁ ይቅርታችሁን እንለምናለን።

በጠረጴዛችን ላይ ከወረቀት የሳሳ፣ ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ላስቲክ አለ። ባትሪ የለውም፤ ሽቦም አልተያያዘበትም። አልትራቫዮሌት መብራት ስናበራበት ተነሥቶ ወደ መብራቱ ይጎብጣል። ሰማያዊ ብርሃን ስናሳየው ደግሞ ተመልሶ ይዘረጋል። መጀመሪያ ያየነው ዕለት የተኛ ድመት የነካን ያህል ደንግጠን ወደ ኋላ አፈገፈግን።

ምስጢሩ አዞቤንዚን የተባለ ሞለኪውል ነው። ዘሩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ በየገበያው ያሉት የልብስ ማቅለሚያዎች አብዛኞቹ የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በጨለማ ሲቀመጥ ቀጥ ያለ ዱላ ይመስላል። 365 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ግን ወገቡ ላይ ይታጠፋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.9 ናኖሜትር ያህል የነበረው ርዝመቱም ወደ 0.55 ይወርዳል። ሙቀት ወይም ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ መልሶ ይቃናል። ይህን የታጠፈውን ዓይነት ለይቶ ያስታወቀው ሃርትሊ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1937 ነበር።

ይሁን እንጂ ሞለኪውሎቹ በየፊናቸው ቢታጠፉ የአንዱ ሥራ የሌላውን ያጠፋል። ሁሉም በአንድ ረድፍ መቆም አለባቸው፤ ፈሳሽ ክሪስታል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ደ ዤን የተሰለፈ ፈሳሽ ክሪስታል ከላስቲክ ሰንሰለት ጋር ቢጣመር ላስቲኩ በሞላ ቅርጹን ሊለውጥ እንደሚችል ገና ማንም ሳይሠራው በሐሳብ ደረሰበት። በ1981 ጀርመናዊው ፊንክልማን ከባልደረቦቹ ጋር ሠራው። በ2001 እነዚሁ ፊንክልማን ከሌሎች ጋር ሆነው አዞቤንዚን ጨመሩበትና ላስቲኩ በብርሃን ብቻ 20 በመቶ ያህል አጠረ። በ2003 ደግሞ ጃፓን ውስጥ የኢኬዳ ቡድን የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ ብቻ እየለወጠ አንዱን ስስ ላስቲክ በፈለገው ወገን አጠፈው።

ለምን እንደሚጎብጥ ለመረዳት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ማስታወስ ይበቃል። በችካል ካልተወጠረ ዳር ዳሩ ይጠቀለላል። ብርሃኑም ከላይኛው ስስ ፊት ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ የበራበት ፊት ሲያጥር ጀርባው እንደነበረ ይቀራል፣ ላስቲኩም ይጎብጣል።

ሞለኪውሎቹን የምናሰልፈው በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ መስተዋት በከፋይ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግመን በማሸት ነው። ይህን ያህል ውድ መሣሪያ በሞላበት ቤት ዋናው ሥራ በጨርቅ መወልወል መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቀናል። ከእኛ አንዱ ሽሮ ሜዳ በሸማኔ ቤት ያደገ ነውና መጀመሪያ ሲያየው «ይህማ ድር ማድራት ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነበር። ድሩ ከተበላሸ ማጉ ምንም ቢያምር ጨርቅ አይሆንም፤ እኛም በአሻሻችን ስንት መስተዋት እንዳበላሸን ባንቆጥረው ይሻላል።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ፈሳሹ በሁለት መስተዋት መካከል ገብቶ የሚረጋው በአረንጓዴ ብርሃን ነው፤ አልትራቫዮሌቱን አዞቤንዚኑ ራሱ ስለሚውጠው ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ፈሳሹ ሰዓቱ ሳይደርስ የቀን ብርሃን ካየ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ይረጋል። እንደ ድሮ ፎቶ ቤት በቀይ መብራት የምንሠራውም ስለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በፋሲካችን ዋዜማ፣ የአራት ወር ድካማችን በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ ነበረ። ልንመዝነው የተጠቀለለበትን ፎይል እንደፈታን ስልክ ጮኸ። ከእኛ የአንዷ እናት ናቸው። በዚያ ክፍል ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ አጠገብ ብቻ ነው፤ መጋረጃው ተገፈተረ። ሰላምታ በኛ ሀገር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ አንባቢ ያውቃል፤ በዚያ ላይ የበዓል ዋዜማ ነው። ሁለታችንም በተራ ተመረቅን።

«ያ ብርሃን ሲያይ ይጎብጣል ያልሽኝ ነገር ሠራልሽ ወይ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሊሠራ ነው እማዬ፣ ጸልዪልን።»

«አይ እናንተ! የኛስ የሱፍ አበባ ማን አስተምሮት ነው ከፀሐይ ጋር የሚዞረው?»

ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ዳርዊንም ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ይህንኑ ሲጠይቅ ከርሞ የጀማሪ ሣር ጫፍ በቆብ ቢሸፈን ቡቃያው ወደ ብርሃን መጉበጡን እንደሚተው እ.ኤ.አ. በ1880 አሳትሟል። ለጋ የሱፍ አበባ የሚዞረው የግንዱ አንዱ ጎን ከሌላው አብልጦ ስለሚያድግ ነው፤ አብቦ ሲጎለምስ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀራል። የኛ ላስቲክ አያድግም፣ ስለዚህም ስንት ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ለእማዬ ስናብራራ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ዘወር ብንል ብልቃጧ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ውስጧም እንደ እርጎ ረግቷል።

ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርንም፤ እርስ በርሳችንም አልተነጋገርንም። የአንዳችን የድጎማ ገንዘብ በሰኔ የሚያበቃ ነበርና ያቺ ብልቃጥ የመመረቅና ያለመመረቅ ጉዳይ ነበረች። መጋረጃውን ማን ገፈተረው? ፎይሉን ሳይመልስ ማን ተነሣ? ሁለታችንም መልሱን እናውቅ ነበር። በአራተኛው ቀን አስተማሪያችን ዘንድ ገብተን «መጋረጃውን ከፍተን ነበር» አልን። «ማናችሁ?» ብለው ጠየቁ። «እኛ» አልን። ትንሽ ዝም ብለው አዩንና የሌሊት መግቢያ ቁልፍ ሰጡን።

ከዚያ ወዲያ ለስድስት ሳምንት ሌሊቱን ቀን አደረግነው። መቼም ድካም ሲበዛ ሰው «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ያን ሰሞን፣ በ2017 ኔዘርላንድ ውስጥ አይንድሆቨን ላይ የተሠራውን ፊልም ደጋግመን አየነው፤ አንድ ስስ ላስቲክ በማይጠፋ መብራት ሥር እንደ ሞገድ እየተርመሰመሰ ይራመዳል። ሮቦት ይሆናል፣ መድኃኒት ያደርሳል እየተባለ ብዙ ይጻፋል። በኛ አስተያየት ግን ይህ ተስፋ ዛሬም ከቤተ ሙከራ ብዙ አልራቀም፤ ጉልበቱ ደካማ ነው፣ አልትራቫዮሌቱም ለዓይንና ለቆዳ ጎጂ ነው። ሀገር ቤት ስንመለስ በምን መሣሪያ እንደምንቀጥለውም ገና አልመከርንበትም፤ ከፋዩና መስተዋቱ ብቻ አያስቸግሩም።

ሁለተኛዋ ብልቃጥ ግንቦት ማለቂያ ላይ ደረሰች። ያኔ የተሠራው ላስቲክ ነው ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው። እማዬ ስለ ረጋችው ብልቃጥ እስከ ዛሬ አልሰሙም፤ ይህች መጽሔት አዲስ አበባ የምትደርስበት መንገድ ካላት አዘጋጆቹ የእሳቸውን ቅጂ እንዲያስቀሩልን አደራ እንላለን።